ቁልፉ ኮምፒዩተር ላይ፣ ሰዉ ስልክ ላይ

ካማሺ ከዓባይ በስተደቡብ ናት። ከወንዙ ማዶ፣ መተከል ዞን ጉባ ላይ፣ የሕዳሴው ግድብ አለ፤ ሁለቱም የቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ናቸው። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ሲመረቅ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት መሆኑ ተነገረ። ከዚያ የሚወጣው ኃይል ወደ አገሪቱ ዋና መስመር ገብቶ ከጊቤውም ከበለሱም ጋር ይቀላቀላል። ከዚሁ መስመር ከሚገዙት ደንበኞች መካከል ቢትኮይን የሚያመርቱ ኩባንያዎች ይገኙበታል። ብሉምበርግ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ እንደዘገበው፣ ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ውል የነበራቸው አምራቾች 21 ሲሆኑ ከሁለቱ በቀር ሁሉም የቻይና ነበሩ።

እንግዲህ አንድ የካማሺ ነጋዴ የሽያጩን ዋጋ በዚያው ቢትኮይን ልቀበል ቢል አይፈቀድለትም። ብሔራዊ ባንክ እ.ኤ.አ. በጁን 2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን፣ ክሪፕቶን ለክፍያ መጠቀም ደግሞ ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ከዚያ በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኦገስት፣ የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር በክሪፕቶ ሥራ የተሰማሩ ሁሉ እንዲመዘገቡ ጠራ። አንዱ መሥሪያ ቤት ይከለክላል፣ ሌላው ይመዘግባል፣ ሦስተኛው መብራት ይሸጣል። ለዚህ ገበያ ሶፍትዌር ልሥራ የሚል ፕሮግራመር መጀመሪያ የሚያነበው ኮድ ሳይሆን ይህን ነው።

ብዙ ወጣት ፕሮግራመሮችን የሚማርከው ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው፦ ብሮውዘር ላይ የምትለጠፍ ትንሽ ፕሮግራም፣ ማለትም ኤክስቴንሽን፣ ክሪፕቶም ትከፍላለች፣ የይለፍ ቃል ሳታስጽፍም ድረ ገጽ ታስገባለች። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ሜታማስክ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይህንን ሲሠራ ኖሯል። የአሠራሩ ውበት ግን ብዙ ጊዜ ሳይነገር ይቀራል። ተጠቃሚው የራሱ ሚስጥራዊ ቁልፍ አለው፤ ቁልፉ በይለፍ ቃል ተመስጥሮ እዚያው ኮምፒዩተሩ ላይ ይቀመጣል። ድረ ገጹ «ማነህ?» ሲለው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቁጥር ይልክለታል። ኤክስቴንሽኗ በቁልፉ ትፈርምበታለች፤ ድረ ገጹም ፊርማውን አይቶ ያስገባዋል። በድረ ገጹ በኩል የሚሰረቅ የይለፍ ቃል የለም፣ ምክንያቱም መጀመሪያውኑ አልተላከለትም። በ2021 እ.ኤ.አ. ኢቴሪየም በተባለው ብሎክቼይን ዙሪያ የሚሠሩ ሰዎች ይህን አሠራር ኢ.አይ.ፒ. 4361 ብለው ደንብ አወጡለት። የሚፈረመው ጽሑፍ ውስጥ የድረ ገጹ አድራሻ አብሮ ይገባል፤ አስመስሎ የተሠራ ገጽ ፊርማውን ቢያገኘው እንኳ እውነተኛው ገጽ ላይ እንዳይገባበት ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ለመግባት የሚደረገው ፊርማ አንዲት ሳንቲም አያንቀሳቅስም። ብሎክቼይኑን አይነካም፣ ክፍያም የለበትም። ብሔራዊ ባንክ የሚከለክለው ሌላ፣ ይህ ሌላ። ሁለቱ ሥራዎች በአንዲት ኤክስቴንሽን ውስጥ የተጣበቁት ቁልፉ አንድ ስለሆነ ብቻ ነው፤ በኢትዮጵያ ግን ይህ መጣበቅ ለጤነኛው ግማሽ፣ ለመግቢያው፣ ጦስ ይሆንበታል። አስተዋይ ፕሮግራመር መጀመሪያ ይለያያቸዋል።

ሲለያዩ የክፍያው ግማሽ እዚህ አገር ብዙ ሥራ እንዳልቀረው ይታያል። ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ተጀምሮ ተጠቃሚዎቹ ከ50 ሚሊዮን አልፈዋል። የኢንተርኔት ሱቆች ደግሞ እንደ ቻፓ ባሉ የክፍያ አገናኞች በኩል ብር ይቀበላሉ። ክሪፕቶውን የሚፈልገው በአብዛኛው ከውጭ ገንዘብ የሚቀበል ወይም የብሩ ዋጋ ያሳሰበው ሰው ነው፤ የክሪፕቶ ዝውውርን የሚያጠናው ኩባንያ ቼይንአናሊሲስ በ2024 እ.ኤ.አ. ሪፖርቱ በኢትዮጵያ በአነስተኛ መጠን የሚደረግ የስቴብልኮይን (ዋጋው እንደ ዶላር ካለ ገንዘብ ጋር የታሰረ ክሪፕቶ) ዝውውር በአንድ ዓመት 180 በመቶ ማደጉን የጻፈው ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን በተደረገበት ዓመት ነው። ይህ ፍላጎት እውነት ነው። በኤክስቴንሽን ግን ሕጋዊ አይሆንም።

የመግቢያው ግማሽስ? እዚህ ላይ መንግሥት የራሱን ቁልፍ ይዞ ቀድሟል፤ ፋይዳ። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተቋቋመው መታወቂያ አስር የጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ብሌንና የፊት ምስል ወስዶ ባለ 12 አሐዝ ቁጥር ይሰጣል። ሥርዓቱ የተገነባው ባንጋሎር በሚገኝ የሕንድ ተቋም በተጀመረው፣ ማንም ኮዱን ሊያየው በሚችለው ሞሲፕ በተባለ ሶፍትዌር ላይ ነው። አንድ ባንክ ወይም ድረ ገጽ በፋይዳ ሲያስገባ ሰውየው ቁጥሩን ይጽፋል፣ በተመዘገበው ስልኩ የአንድ ጊዜ ኮድ ይመጣለታል፣ ይፈቅዳል፣ ይገባል። የሚሠራና ቀላል ነው። ልዩነቱ ማእከሉ ነው፦ በዚህ መንገድ እያንዳንዱ መግቢያ በአንድ ቦታ ያልፋል፣ ቦታውም ማን መቼ የት እንደገባ የማወቅ ዕድል አለው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ለዚህ ዓይነቱ ሥጋት ልጓም ለመሆን የወጣ ነው፤ ልጓምና አለመቻል ግን አንድ አይደሉም። ሰው በራሱ ቁልፍ ሲፈርም ግን የሚያየው ማእከል ከመነሻው የለም።

ይህንን በራስ ቁልፍ የመፈረም አሠራር ወደ ኢትዮጵያ ለማምጣት የተሞከረበት አጋጣሚ ነበር። በሚያዝያ 2013 ካርዳኖ የተባለው ብሎክቼይን ገንቢ የሆነው አይ.ኦ.ኤች.ኬ. ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችንና የ750,000 መምህራንን መለያ በብሎክቼይን ለማስቀመጥ ስምምነት ማድረጉን አስታወቀ፤ 3,500 ትምህርት ቤቶች ይታቀፋሉ ተብሎ ነበር። ዓለም አቀፍ ዜና ሆነ፣ የካርዳኖ ደጋፊዎችም ፈነደቁ። ከዚያ በኋላ በየባንኩና በየመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ የሚጠየቀው ግን ፋይዳ ነው።

አሁን ወደ ካማሺ። አንድ ኤክስቴንሽን ተሠርቶ ቢያልቅ የሚሠራው የት ነው? ክሮም በአንድሮይድ ስልክ ላይ ኤክስቴንሽን አይቀበልም። ፋየርፎክስ የስልኩን በር በሰፊው የከፈተው በዲሴምበር 2023 እ.ኤ.አ. ነው፤ ብዙዎች ይገለገሉበት የነበረው ኪዊ ብሮውዘር ደግሞ በ2025 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ሥራውን አቆመ። ካማሺ ላይ ኢንተርኔት ማለት በአብዛኛው ስልክ ነው፤ ለብዙ ሰው ደግሞ ስልኩ ባለ አዝራር፣ ቴሌብርን በ*127# የሚደውልበት ነው። ጉዳዩ የድህነት ብቻ አይደለም፤ ቅርጹ አልገጠመም። ኤክስቴንሽን ጠረጴዛና ላፕቶፕ ላለው ዓለም የተሰፋ ልብስ ነው።

ደኅንነቱም ቢሆን ቀላል አይደለም። ኤክስቴንሽን ስትጫን ብዙ ጊዜ የምትጠይቀው ፈቃድ «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃህን ላንብብ፣ ልቀይር» የሚል ነው። ሰው ሳያነብ ይፈቅዳል። በሴፕቴምበር 2018 እ.ኤ.አ. የሜጋ የፋይል ማከማቻ የክሮም ኤክስቴንሽን በሰርጎ ገቦች ተተካ፤ ሐሰተኛዋ በራሷ ጊዜ በየሰዉ ብሮውዘር ላይ ታድሳ፣ የጠየቀችውን ተጨማሪ ፈቃድ ከሰጧት ሰዎች የጉግልና የአማዞን የይለፍ ቃሎችን፣ የክሪፕቶ ዋሌቱን የማይኢተርዋሌትንም ቁልፎች መልቀም ጀመረች። ኩባንያው ንጹሑን እትም የመለሰው ከሰዓታት በኋላ ነበር። ዛሬ ክሮም ከሌላ ቦታ በኋላ የሚጫን ኮድን ከልክሏል፣ ግን ዕድሳትን ማስቆም አይችልም፤ የሠሪው አካውንት ከተጠለፈ ሁሉም ይጠለፋል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቁልፉ ሲጠፋ ነው። ክሪፕቶ ዋሌት ለሰውየው 12 ቃላት ይሰጠውና «በወረቀት ጻፍ፣ ደብቅ፣ ከጠፋብህ እኛ የለንበትም» ይለዋል። ቃላቱ የሚመረጡት ከ2,048 ቃላት ዝርዝር ሲሆን ዝርዝሩ በእንግሊዝኛ፣ በጃፓንኛ፣ በኮሪያኛ፣ በቼክኛና በጥቂት ሌሎች ቋንቋዎች አለ፤ በአማርኛ የለም፣ በጉሙዝኛ ደግሞ ጭራሽ። (አማርኛው ቢዘጋጅ እንኳ «ሀ»ንና «ሐ»ን፣ «ሰ»ንና «ሠ»ን እንደ ልቡ ለሚያቀያይር ጸሐፊ ትንሽ ፈንጂ ነው፤ አንድ ፊደል ስትሳሳት ቁልፉ አይከፍትም።) ወረቀቱን ደብቆ ማቆየቱም ራሱ ቀላል አይደለም። በመስከረም 2011 የካማሺ ዞን ባለሥልጣናት ከስብሰባ ሲመለሱ መንገድ ላይ ከተገደሉ በኋላ በተነሣው ግጭት በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቀሉ። በሚያዝያ 2013 ደግሞ የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን የዚያው ዞን ሴዳል ወረዳ ሙሉ በሙሉ ሊባል በሚችል ደረጃ በታጣቂዎች እጅ መውደቋን አስታወቀ። ሌሊት ልጅ ይዞ የሚሸሽ ሰው ሣጥን ውስጥ የደበቀውን ወረቀት አያነሣም። እዚህ ላይ ፋይዳ ያሸንፋል፦ የትም ሄዶ ጣቱንና ዓይኑን ቢያሳይ ያው ሰው መሆኑ ይታወቃል።

ለዚህ ክፍተት ከክሪፕቶው ዓለም ራሱ የወጣ መልስ አለ። የኢቴሪየም መሥራች ቪታሊክ ቡተሪን በጃንዋሪ 2021 እ.ኤ.አ. በጻፈው ጽሑፍ ቁልፍ የጠፋበት ሰው አስቀድሞ የመረጣቸው ሰዎች ተባብረው አዲስ ቁልፍ እንዲያጸኑለት ሐሳብ አቀረበ፤ ለምሳሌ ከአምስቱ ሦስቱ ከተስማሙ ይበቃል፣ አንዳቸውም ግን ብቻቸውን ገንዘቡን መንካት አይችሉም። ሰነድ የጠፋበትን ሰው በምስክርና በዋስ ለሚያጸና ማኅበረሰብ ይህ የተለመደ ነገር ነው።

ዋሱ ግን እሱም ቁልፍ ያስፈልገዋል። ስማርት ስልክ ያለው ሰው ዛሬ ያለ ክሪፕቶም ያለ ኤክስቴንሽንም ያንኑ ፊርማ መፈረም ይችላል፤ አፕል፣ ጉግልና ማይክሮሶፍት በ2022 እ.ኤ.አ. አብረው ድጋፍ የሰጡት ፓስኪ የሚባለው አሠራር በጣት አሻራ የሚከፈት ሚስጥራዊ ቁልፍ ስልኩ ውስጥ ያስቀምጣል፤ የመግቢያው ግማሽ እንዲህ ብቻውን ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገብቷል። የሚቀረው *127# የሚደውለው ስልክ ነው። ኢስቶኒያ በ2007 እ.ኤ.አ. ሞቢል-አይዲ የተባለውን ስትጀምር የዜጋውን የፊርማ ቁልፍ ያስቀመጠችው ሲም ካርዱ ውስጥ ነበር፤ ለዚህም ስማርት ስልክ አያስፈልግም፣ ባለ አዝራር ተራ ስልክ ይበቃል። ኢትዮጵያ ውስጥ ሲም ካርድ የሚያወጡት ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ብቻ ናቸው፤ የካማሺው ሰው በራሱ እጅ የሚፈርምበት ቁልፍ ይኑረው ከተባለ ኮዱ የሚጻፈው ለክሮም መደብር ሳይሆን ለእነዚህ ሁለት ኩባንያዎች ካርድ ነው።