ከነገሌ ቦረና ወደ ጫሞ ሐይቅ

በ2005 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋራ ከነገሌ ቦረና ተነሥተን በያቤሎና በኮንሶ አድርገን አርባ ምንጭ ገባን። በቦረና ቆላ ሰዎች እየተቀባበሉ ከጥልቅ ኤላ ውሃ ሲያወጡ አይተን ስለ ነበር፥ የጫሞ ስፋት እጅግ አስደነቀን።

በማግስቱ በጀልባ ተሳፈርን። ለሞተሩም ለመንገድ ከአዲስ አበባ የያዝሁትን ቤንዚን ሰጠሁ፤ ቁጠባ መስሎኝ ነበር። የአዞ ገበያ ከሚባለው ዳር ስንደርስ ሞተሩ ኀይሉ ደክሞ ቀጥ አለ። ልጆቹ ወደ እናታቸው ተጠጉ።

ሽማግሌው ጀልባ ነጂ ሳይደነግጡ ከጀሪካኑ ሥር በጠርሙስ ቀድተው አሳዩኝ፤ ፈሳሹ ከሁለት ተከፍሏል። «ጌታዬ፥ ይህ አልኮል ያለበት ነው፤ ክዳኑ ላልቶ ሌሊት ዝናብ ገብቶበታል» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2001 ዓ.ም. በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከሞላሰስ የሚወጣው ኤታኖል በአዲስ አበባ ቤንዚን ከመቶ 5 እጅ ይቀላቀል ጀመር፤ በ2003 ዓ.ም. ወደ 10 ከፍ አለ። ነዳጅ የምንገዛው በውጭ ምንዛሪ ነውና ሐሳቡ መልካም ነበር፤ ዘወትር ለሚነዳ መኪናም እምብዛም አያስቸግርም። ነገር ግን አልኮል ውሃ ይጠጣል፤ በ20 ሊትር ቅልቅል አንድ የቡና ስኒ ያህል ውሃ ቢገባበት፥ አልኮሉ ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውሃው ጋራ ወደ ታች ይዘቅጣል። የሞተሩም ቱቦ የሚስበው ከታች ነው።

ሽማግሌው ያልተቀላቀለ ቤንዚን ለብቻ ይዘው ኖሮ፥ ማጣሪያውን አጥበው ሞሉበት። ገመዱን ሦስት ጊዜ ሲስቡ ሞተሩ ተነሣ። የእኔን ጀሪካን ወደ ሐይቁ ልደፋ ብል ግን እጄን ያዙኝ፤ የሚበሉት ከዚያው ሐይቅ ዓሣ ነውና።