ፀሐይን የሚከተል ትንሽ ቦርድ

የሶላር ፓኔልን ወደ ፀሐይ የሚያዞር ሰርቮ ሞተር የሚታዘዘው በኤሌክትሪክ ምት ርዝመት ነው። ምቱ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ይደጋገማል። ርዝመቱ 1.5 ሚሊሰከንድ ሲሆን ዘንጉ መሃል ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ሲያጥር ወደ አንዱ፣ ሲረዝም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል።

ምቱን የሚያመነጨው በዩኤስቢ ከኮምፒውተር ጋር የሚገናኝ ቦርድ ነው። የፖሎሉ ኩባንያ ማይክሮ ማይስትሮ ከክብሪት ሳጥን ያንሳል፤ ግን ስድስት ሞተር ያዛል፣ የምቱንም ርዝመት በ0.25 ማይክሮሰከንድ ያስተካክላል።

ትልቁ ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ትእዛዙን በውስጡ ይዞ ያለ ኮምፒውተር ይሠራል። በስሜን ተራሮች ግርጌ ብርድ ላፕቶፕ ታቅፎ የሚቆም ማን ነው?

ጀማሪ የሚሳሳተው ኃይሉ ላይ ነው። የዩኤስቢ ጉልበት ለቦርዱ እንጂ ለሞተሮቹ አይበቃም። የሶላር ባትሪ ደግሞ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፤ ለተለመዱት ትንንሽ ሰርቮዎች ወደ 5 ወይም 6 ቮልት መውረድ አለበት፣ አለዚያ ይቃጠላሉ።

የስሜን ግርጌዋ ደባርቅ ከምድር ወገብ 13 ዲግሪ ገደማ ወደ ሰሜን ናት። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ታልፋለች። ስለዚህ እዚያ አነስተኛ የሶላር ፓኔል የሚያዞር ሰርቮ ወደ ደቡብም ወደ ሰሜንም ማዘንበል አለበት።

ደባርቅ ወይም ዳባት ላይ የሞከረው አለ?