አርችዌይ፦ በመሸጋገሪያ የተገኘ ሰፈር

ከአሜሪካ ወደ አገር ቤት የሚጓዝ ሐበሻ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በዱባይ፣ በዶሃ ወይም በኢስታንቡል በኩል ያልፋል። ዱባይ ያደረ እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ተቀብሎት፣ 828 ሜትር የሚረዝመውን ቡርጅ ኸሊፋን አንጋጦ አይቶ፣ በዴይራ የወርቅ ገበያ ዋጋ ጠይቆ፣ ለእናቱ ሽቶ ሸምቶ ይመለሳል። የእኔ መንገድ በሚያዝያ ወር በለንደን በኩል ሆነ። ጠዋት ደርሼ ማታ ወደ አዲስ አበባ እስክሳፈር አሥር ሰዓት ያህል ነበረኝ።

በአገር ቤት በአንድ ጋዜጣ አብሮኝ የሠራ ወዳጄ አርችዌይ ይኖራል። ከምርጫ 97 በኋላ ጋዜጦች ሲዘጉ እኔ ለትምህርት ወደ አሜሪካ፣ እሱ ወደ እንግሊዝ ወጣን። አሁን አውቶቡስ ይነዳል። «ቢግ ቤንን በፖስታ ካርድ ታየዋለህ፤ እኔ ሰፈሬን ላሳይህ» አለኝ በስልክ።

ወጥቶ መግባቱ የቀለለልኝ በያዝኩት ሰማያዊ ፓስፖርት ነው። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ወገን በዚያው ጣቢያ ለማለፍ እንኳ በአብዛኛው አስቀድሞ ቪዛ መጠየቅ አለበት። የሚሄዱበት መንገድ አንድ ነው፤ የሚለየው ወረቀቱ ነው።

ከሂትሮው በኤልሳቤጥ መሥመር እስከ ቶተንሃም ኮርት ሮድ፣ ከዚያ በኖርዘርን መሥመር ወደ ሰሜን ነው። ካምደን ታውን፣ ኬንቲሽ ታውን፣ ቱፍኔል ፓርክ፣ ቀጥሎ አርችዌይ። ወዳጄ የሥራ ልብሱን እንደለበሰ ከጣቢያው በር ቆሞ ጠበቀኝ። ሌሊት ሲነዳ አድሮ አልተኛም ነበር።

የሰፈሩ ስም የመጣው ከድልድይ ነው። ኮረብታውን በዋሻ ሊያሳልፉት ሲቆፍሩ ዋሻው እ.ኤ.አ. በ1812 ተናደ። ስለዚህ አፈሩን ቆርጠው መንገዱን አወረዱትና ከላዩ ቅስት ድልድይ ሠሩበት። ዛሬ የቆመው የብረት ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1900 የተከፈተው ተተኪው ነው። ከላዩ ሆኖ ወደ ደቡብ ለሚመለከት ለንደን ከእግሩ ሥር ትዘረጋለች። «እንጦጦዬ ይኸ ነው፤ አገር ሲናፍቀኝ እዚህ እወጣለሁ» አለኝ።

በሃይጌት ሂል ጥግ ከብረት አጥር ውስጥ አንድ ድንጋይ አለ፤ ከላዩ ጥቁር ድመት ተቀምጧል። ድንጋዩ የ1821፣ ድመቱ የ1964 ነው። የእንግሊዝ ልጅ ሁሉ የሚያውቀው ተረት እንዲህ ይላል፦ ዲክ ዊቲንግተን የሚባል ድሃ ልጅ ለንደን አልሆን ቢለው ድመቱን ይዞ ሲሸሽ፣ እዚህ ኮረብታ ላይ የከተማይቱ ደወል «ተመለስ» ሲለው ሰማ፤ ተመልሶም የከተማይቱ ከንቲባ ሆነ። እውነተኛው ዊቲንግተን ግን የባለ መሬት ልጅና ሀብታም ነጋዴ ነበር፤ የሞተውም በ1423 ነው።

«ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው» አለ ወዳጄ፣ «በዚህ ድንጋይ አጠገብ ሳልፍ። ደወሉ እኔን ተመለስ የሚለኝ ወደ የት እንደሆነ አልለየልኝም።»

በዋተርሎ ፓርክ አቋርጠን ወደ ሃይጌት መቃብር ወረድን። ካርል ማርክስ ያረፈው እዚህ ነው። ለመግባት ይከፈላል፤ ወዳጄ ሳቀና «የካፒታሊዝም ጠላት በትኬት ይጎበኛል» አለ። ማርክስ ለንደን የገባው በ1849፣ ከአገር ተባርሮ ነው። እመለሳለሁ ሲል በ1883 እዚሁ ሞተ፤ የቀበሩትም አሥር ያህል ሰዎች ነበሩ። ያ ትልቅ የነሐስ ራስ የተተከለው በ1956 ነው። በ2019 የመቃብሩን ጽሑፍ በመዶሻ የመቱት፣ ቀይ ቀለምም የቀቡት ሰዎች ነበሩ።

ለእኛ ቤት ይህ ሰው ሩቅ አይደለም። አጎቴ በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ሲወሰድ አያቴ የማርክስን መጽሐፎች ጓሮ ቀበረቻቸው። እኔ ገና አልተወለድኩም። የመጽሐፎቹ መቃብር ጓሯችን ነው፤ የጸሐፊው መቃብር ይኸው። የአጎቴን መቃብር ግን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ያሰሩትም የታሰሩትም አንዱን መጽሐፍ ይጠቅሱ እንደነበር እዚያ ቆሜ ሳስበው ቃል አጠረኝ።

ከማርክስ በስተግራ አንዲት ጥቁር ሴት አርፋለች፤ ክላውዲያ ጆንስ ትባላለች። በ1915 ትሪኒዳድ ተወልዳ ኒውዮርክ አደገች። በፖለቲካዋ ታስራ በ1955 ከአሜሪካ ተባረረችና እንግሊዝ ገባች። በ1958 በብሪክስተን «ዌስት ኢንዲያን ጋዜት» የተባለውን ጋዜጣ መሠረተች፤ በ1964 በ49 ዓመቷ አረፈች። የስደት ጋዜጣ ያዘጋጀ ሰው ይህን ሲያነብ ወንድምነት ይሰማዋል። ወዳጄ ቆቡን አወለቀላት፤ ለማርክስ አላወለቀም።

እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠን የእድራቸውን ክርክር አጫወተኝ። በስደት የሞተ ወገን ሬሳው አገር ቤት ይሂድ ወይስ እዚህ ይቀበር? ሽማግሌዎቹ «ባዳ አፈር አይብላን» ይላሉ፤ አዋጥተውም ሲልኩ ኖረዋል። ወጪው ግን ከባድ ነው፤ ሟች ልጆችን ትቶ ከሆነ ደግሞ መዋጮው ለልጆቹ ቢውል የሚሉ አሉ። ወዳጄ ከሁለቱም ወገን ሳይሆን ሲያመነታ ቆይቶ፣ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጁ ጠየቀችው፦ «አባዬ፣ አዲስ አበባ ከቀበሩህ እኔ በስንት ዓመቴ ነው አበባ የማመጣልህ?»

በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቶ «እኔን እዚሁ» አለ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከዚያ ወዲህ ሰላምታ ነሥተውታል።

እኔ በሽማግሌዎቹ አልፈርድም። መቃብር የሌለው ሰው ዘመድ ነኝና የአገር አፈር ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን መሸጋገሪያ ብለን በገባንበት አገር ልጅ ወልደን፣ ቤት ይዘን፣ ግብር ከፍለን፣ ዛሬም እንደ መንገደኛ እንነጋገራለን። ልጆቻችን ግን መንገደኞች አይደሉም። መቃብር ለሟች ብቻ ሳይሆን ለቀሪም ነው፤ ስለዚህ ክርክሩ ውስጥ የልጆቹም ድምፅ ይሰማ እላለሁ።

ቤቱ ገብተን ሽሮ በላን፤ ባለቤቱ ቡና አፈላች። ልጅቷ በእንግሊዝኛ አፍ አማርኛ እየሰባበረች ስለ አዲስ አበባ ጠየቀችኝ። ሰዓቱ ሲደርስ ወዳጄ እስከ ባቡር ጣቢያው ሸኘኝ። ለእናቱ የሚደርስ መድኃኒትና ነጠላ ጫማ ሰጠኝ።

«እማማ የት ነው የሚኖር ቢሉኝ ምን ልበል?» አልኩት።

ጥቂት አሰበና «አርችዌይ የሚባል ሰፈር አለው በላት» አለኝ።