በረት ውስጥ የተሸሸገው ቀለሃ

ሰሞኑን ከዋጫም ከቦንጋም አንድ ዓይነት ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰናል። አባት ወይም አያት ወደ አኺራ ሲሄዱ ቤት ውስጥ አሮጌ ጠመንጃ ይገኛል። ውጅግራ ነው፣ ወይም ምንሽር፣ ወይም ቤልጅግ፤ ሰደፉ በሰፈር አናጺ እንደገና የተጠረበ፣ አፈሙዙ የተቆረጠ። ጥይቱ ገበያ ላይ የለም። የተተኮሱ ባዶ ቀለሃዎች ግን በጨርቅ ተቋጥረው ተቀምጠዋል። "ኡስታዝ፣ በቆሏችንን ከርከሮና ዝንጀሮ ጨረሰው፤ እነዚህን አስሞልተን ብንተኩስስ?" ይሉናል። ጥያቄው የፊቅህ ብቻ ቢሆን በሁለት መስመር በመለስነው ነበር። የነሐስ ጥያቄም ስለሆነ ትንሽ ታገሡን።

አያቶቻችን ቀለሃ አይጥሉም ነበር፤ ምክንያትም ነበራቸው። ውጅግራ የፈረንሳዮች ጠመንጃ ነው፤ ስሙም "ፉዚ ግራ" ከሚለው የመጣ ነው። በ1874 እ.ኤ.አ. የተሠራ፣ አንድ አንድ ጥይት እየጎረሰ በጥቁር ባሩድ የሚተኩስ። ፈረንሳይ በ1886 ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ለበል ስትይዝ፣ አሮጌው በባሕር ተሻግሮ ወደ አገራችን ጎረፈ። ዐድዋ ላይ ተተኩሷል። በ1897 እ.ኤ.አ. የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ካፋን ሲይዝ በጠመንጃ ብዛት ነበር የበለጠው፤ የንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ሰዎች በአብዛኛው ጦር የያዙ ነበሩ። በዚያ ዘመን ጥይት ራሱ እንደ አሞሌ ጨው ገንዘብ ሆኖ ይገበያዩበት ነበር። ስለዚህ ባዶው ቀለሃ ተለቅሞ ይቀመጣል፤ ቀጥቃጩ ዘንድ ተወስዶ ይሞላል፤ መሞላት ያቃተው ደግሞ ለሴቶች ኩል መያዣ ይሆናል። እኛ ቤትም አንድ ነበረ፣ አፉ በእንጨት የተወተፈ። (ቀጥቃጩን ቀን ቀን እየናቁ ማታ ማታ ደጁን የሚያንኳኩ ሰዎች ነገር ሌላ ቀን ይነሣ።)

ቀለሃ ተራ ቱቦ ይመስላል። 70 እጁ መዳብ፣ 30 እጁ ዚንክ ነው። ሥራው ግን ባሩድ መያዝ ብቻ አይደለም። ሲተኮስ ለቅጽበት ይለጠጥና የጠመንጃውን ጉሮሮ ይደፍናል፤ እሳቱ ወደ ኋላ፣ ወደ ተኳሹ ፊት እንዳይመጣ የሚከለክለው እሱ ነው። ወዲያው ደግሞ ሰብሰብ ይላል፤ ባይሰበሰብ ተጣብቆ ይቀር ነበር። በተለጠጠ ቁጥር ነሐሱ ይደርቃል፣ የደረቀ ነሐስ ደግሞ ይሰነጠቃል። አሜሪካና አውሮፓ ውስጥ የጦር ሜዳ ጠመንጃን ለአደን አሳጥረው ጥይቱን በእጃቸው የሚሞሉ ብዙ ናቸው። ቀለሃውን ያጥባሉ፣ አንገቱን በእሳት ያለሰልሳሉ፣ በመሣሪያ ጨምቀው ወደ ልኩ ይመልሱታል፣ ርዝመቱን ይለካሉ፣ ባሩዱን በሚዛን ይሰፍራሉ፣ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰም ይጽፋሉ። የእናንተ አባት ቀለሃ ስንት ጊዜ እንደተተኮሰ ማን ይነግራችኋል?

ከሁሉ የሚያሳስበን ግን የተደበቀበት ቦታ ነው። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር ገጥሟቸው ነበር። ፈረስ ጋጣ አጠገብ የተቀመጠ ጥይት፣ ማንም ሳይነካው፣ የዝናብ ወቅት ሲመጣ ቀለሃው ይሰነጠቃል። ምክንያቱ በጥናት የተብራራው በ1921 እ.ኤ.አ. ነው። ከፈረሶቹ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከእርጥበት ጋር ሆኖ፣ ሲሠራ የተወጠረውን ነሐስ ይበላዋል። እንግዲህ የእኛን አገር አስቡ። በጨና ዝናቡ መቼ ያባራል? የገጠሩ ሰው ከከብቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፤ መሣሪያ ሲፈተሽ ደግሞ ጥይት የሚሸሸገው በረት ውስጥ ነው፣ ሣሩ ሥር ወይም ግርግዳው ውስጥ። ያ ነሐስ ሠላሳና አርባ ዓመት በአሞኒያ ሲታሸት ኖሯል። ስንጥቁ እንደ ፀጉር የቀጠነ ስለሚሆን ብትወለውሉትና ቢያብረቀርቅም ላይታያችሁ ይችላል። የድሮ መቀጣጠያዎች ደግሞ ሜርኩሪ ነበረባቸው፤ ሲተኮሱ የሚቀረው ሜርኩሪ ነሐሱን ተሰባሪ ያደርገዋል።

በዚህ ላይ ባሩዱ አለ። ጥቁር ባሩድ ዛሬ ስለማይገኝ አንዳንዱ የክላሽ ጥይት ፈትቶ ባሩዱን ውጅግራ ቀለሃ ውስጥ ይጨምራል። ያ ባሩድ የሚፈጥረውን ግፊት እንዲችል ውጅግራ አልተሠራም። መዝጊያው ሲበር የሚመጣው ወደ ዓይን ነው። ለዚክርም ለጀናዛም ስንዞር አንድ ዓይናቸው የጠፋ አንድ አባት እናውቃለን። "ከርከሮ ነው ያጠፋው" ይሉናል እየሳቁ። ከርከሮው በበቆሎው ውስጥ በሰላም አልፎ ሄዷል።

ሌላም ነገር አለ፣ የውርስ ነገር። ብዙዎቹ ማስሞላት የሚፈልጉት ለከርከሮ ሳይሆን "ይተኩሳል" ተብሎ ዋጋው እንዲጨምር ነው። ከዚያ "ጠመንጃ የወንድ ነው" ብለው እህቶቻቸውን ከዋጋው ያስቀራሉ። ጠመንጃም እንደ ላሟ፣ እንደ ቡናው መሬት የሟች ንብረት ነው፤ የእህት ድርሻ አለበት። ለግምት ብላችሁ አትተኩሱት።

ሕጉም ግልጽ ነው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝንም ጥይት መሥራትንም ይከለክላል። የአባታችሁ ፈቃድ ካለ ወረቀቱን ይዛችሁ፣ ከሌለም ሳትፈሩ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ሆናችሁ ወረዳው ፖሊስ ዘንድ አሳውቁ። ጠመንጃውን ተሸክማችሁ በገበያ መሐል አትሂዱ፤ ቀድማችሁ ተናገሩና እንዴት እንደሚረከቧችሁ ይንገሯችሁ። ነቢዩ ሰ.ዐ.ወ. ፍላጻ ይዞ በመስጂድ ወይም በገበያ የሚያልፍ ሰው ማንንም እንዳይወጋ ስለቱን በእጁ እንዲይዝ አዘዋል።

ያልተተኮሱ ጥይቶች ከተገኙ ደግሞ አትቀጥቅጧቸው፣ ምድጃ አጠገብ አታኑሯቸው፣ ሽንት ቤትም አትጣሏቸው። ልጆች ከማይደርሱበት ደረቅ ቦታ አስቀምጡና ስታሳውቁ አብራችሁ ቁጥራቸውን ተናገሩ። ባዶዎቹንም ቢሆን ግርጌያቸውን ሳታዩ ለእናቶች ለኩል አትስጡ፤ መቀጣጠያዋ ያልተመታች ከሆነች ያ ቀለሃ ገና ባዶ አይደለም።