የፍራፍሬ ሻጩ ልጅ ትሳቅ ወይስ ታኩርፍ?

የሰው አነጋገር እያስመሰሉ ሲያስቁ እወዳለሁ፤ አልዋሽም! የአውስትራሊያው «ዘ ኮሜዲ ካምፓኒ» (ከ1988 እስከ 1990 እ.ኤ.አ. በቴሌቪዥን የታየ ነው) ውስጥ ግን አንድ የሚከነክነኝ ገጸ ባሕርይ አለ፤ ግሪካዊው ፍራፍሬ ሻጭ ኮን። እንግሊዝኛውን ይሰባብርና «አንድ ሁለት ቀን ነው!» ይላል። ሚስቱን ማሪካንም የሚጫወተው ያው ተዋናይ ነው፤ ቀሚስ ለብሶ፣ ጉድ እኮ ነው! ተዋናዩ ታዲያ ግሪካዊ አይደለም።

ኮን ሞኝ አይደለም፤ ስድስት ሴት ልጆች የሚያሳድግ ሠርቶ አዳሪ ነው። እሱን እወድለታለሁ። ግን እስቲ አስቡት፤ ፕሮግራሙ እሑድ ማታ ታየ። አባቷ እውነትም ፍራፍሬ የሚሸጥ የሜልቦርን ግሪካዊት ተማሪ ሰኞ ጠዋት ክፍል ስትገባ፣ ልጆቹ በአባቷ አነጋገር ቢቀበሏትስ? አብራ ብትስቅ አባቷን ከዳች፤ ብታኮርፍ «ቀልድ አታውቅም» ተባለች። እኔ ብሆን አኮርፍ ነበር።