ጠይቆ መሄድና ተመልሶ መምጣት፦ የጅማ ጉዟችን

ወደ ጅማ የወሰደን የአንድ አባት ጥያቄ ነው። ከዓመታት በፊት ያስተማርነው ልጃቸው ዛሬ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪ ነው። «ለትምህርት የላክሁትን ልጅ ገጠር ወስደው ቤት ለቤት ያዞሩታል አሉ። መምህር አይደሉ? እስቲ አይተው ይንገሩኝ» አሉን። እኛም እሺ ብለን ተነሣን።

ከአዲስ አበባ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነበር። ወሊሶንና ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ሸለቆ ስንወርድ ሙቀቱ አፈነን። ማዶውን ከወጣን በኋላ ግን አገሩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን ጅማ ደረስን። በማግስቱ ከከተማው አጠገብ ወዳለው የጅሬን ኮረብታ ወጥተን እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የነገሡትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጎበኘን። ቁልቁል ሲያዩት ከተማው በዛፍ መካከል የተደበቀ ይመስላል።

ተማሪያችንን ያገኘነው ግን በዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ ሳይሆን ከከተማ ወጣ ባለ ቀበሌ ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1983 በጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትነት ሲጀመር መሠረቱን በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተ ትምህርት ላይ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1999 ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ከሆነም በኋላ ይህንኑ ይዞ ቀጠለ። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ወደ ሕዝቡ ይወጣሉ፤ መጀመሪያ ችግሩን አጥንተው ይለያሉ፣ ቀጥሎ ከነዋሪው ጋር ያቅዳሉ፣ ከዚያም ይሠራሉ፣ በመጨረሻም የሠሩትን ይመዝናሉ። እንደ ማንኛውም ትምህርት ውጤት ይያዝበታል። የጤና ተማሪዎች ሊመረቁ ሲቃረቡ ደግሞ ሐኪሙ፣ ነርሱ፣ ፋርማሲስቱና ሌሎቹም አንድ ቡድን ሆነው በጤና ጣቢያዎች ይሠራሉ።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና ሳኒተሪያኖችን በቡድን ያሠለጥን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ያገለግሉ ነበር፤ አብዛኞቹም ያስተምሩ ነበር።

ልጁ ወደ አንዲት እናት ደጅ ወሰደን። «አሰላሙ አለይኩም» ብለን ገባን፤ እሳቸውም ቡና ካላፈላሁ አሉ። ልጁ ኦሮምኛው ገና ስላልጠራለት እያሳቁ ያርሙታል። ከመጸዳጃ ቤቱ አጠገብ አንድ ቢጫ ጀሪካን በገመድ ተንጠልጥሏል፤ ገመዱን በእግር ሲረግጡት ጀሪካኑ ዘንበል ብሎ ውኃ ያፈሳል፤ ያደፈ እጅ አይነካውም። «አምና መጥተው ጠየቁኝ፤ ዘንድሮ መጥተው ይህን አብረን ሠራን» አሉን።

ይህን ስንሰማ አፈርን። እኛም በኮሌጅ ዘመናችን ለጥናት ተብለን ወደ አንድ መንደር ሄደን ነበር። ስንት ልጅ ወለድሽ፣ ስንቱ ሞተብሽ፣ ውኃ ከየት ትቀጃለሽ እያልን አንዲት እናት ከሥራቸው አስፈትተን ግማሽ ቀን ጠየቅን። ስንወጣ «መልሱን መቼ ታመጡልኛላችሁ?» አሉን። ወረቀቱን አስረከብን፣ ማርካችንን አገኘን፣ አልተመለስንም። የሞቱባቸውን ልጆች ቁጥር ነግረውን ነበር፤ እኛ ግን ስማቸውን እንኳ አልያዝንም።

መድረሳ ላደግን ሰዎች ይህ ጥፋት ይበልጥ ይከብዳል። በወሎ ገጠር ደረሳው መንደሩ እያበላው ይቀራል፤ እሱም በበኩሉ ልጆችን ያስቀራል፣ በሐዘን ይቆማል፣ ደብዳቤ ይጽፋል። ማንም የማኅበረሰብ አገልግሎት ብሎ ስም አላወጣለትም፤ የበላው እንጀራ ዕዳ እንዳለበት ግን ያውቃል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪም እንደዚሁ ነው። የሚማረው በሕዝብ ገንዘብ ነው፤ መንደር ሲገባ ደግሞ የሰውን ጊዜና ምሥጢር ይወስዳል። ስለዚህ ተመልሶ መምጣት ቸርነት ሳይሆን ዕዳ መክፈል ነው።

ተመልሰን ያየነውን ሁሉ ለአባትየው ነገርናቸው። ልጅዎ ከመጽሐፍ ያነበበውን ከሰው ቤት አግኝቶታል፤ የታመመን ሰው ሳይንቅ መጠየቅንም እየተማረ ነው አልናቸው። ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና «እንዲያ ከሆነ ሲመለስ ለሴትዮዋ ምን ይዞ ይሂድ?» አሉን።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ለእረፍት ሲመጣ ስለ ፈተናው ብቻ አትጠይቁት። የማንን ደጅ አንኳኳህ፣ መልሱንስ አደረስህላቸው ወይ በሉት። እኛም በተማሪነታችን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀን ቢኖር ኖሮ ምናልባት ወደዚያች እናት ቤት እንመለስ ነበር።