የአባዬ እግር እና የፔጆዋ ፍሬን

«አባዬ መንዳት ያቁም» የሚለው ክርክር በቤታችን የተጀመረው ባለፈው ዓመት ክረምት መግቢያ ላይ ነው። መነሻው ከደቂቃ ያነሰ ነገር ነበር። አባዬ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርድ ከፊቱ የነበረው ሚኒባስ ተሳፋሪ ለማውረድ ድንገት ቆመ። የአባዬ ፔጆም አንድ ክንድ ያህል ሲቀራት ቆመች። ማንም አልተነካም። ከኋላ ወንበር ላይ ግን የስድስተኛ ክፍል ተማሪዋ ልጄ ነበረች። ቤት እንደገባች ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ «አባባ ፍሬኑን በሁለት እግሩ ነው የረገጠው» ብላ ለእማዬ ነገረቻት።

የቀረውን ትገምቱታላችሁ። እማዬ ቁልፉን ደበቀች። ሊዮን የሚኖረው ወንድሜ በስልክ «ሰባ አራት ዓመቱ ነው፣ ጉልበቱንም ያመዋል፣ ምን እስኪሆን ነው የምትጠብቁት?» አለ። አባዬ መልስ አልሰጠም። ጋዜጣውን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ሲከፋው ጋዜጣ ያነባል፤ ያውም የትናንቱን።

እኔን ያሳሰበኝ ሁለት እግር የሚለው ነው። ዓይኑን በየዓመቱ ይመረመራል፣ ሚኒባሱንም በጊዜው አይቶታል፣ እግሩም ፍሬኑ ላይ ደርሷል። ታዲያ አንድ እግር ለምን አነሰው? በማግስቱ ቁልፉን ከእማዬ ለምኜ ወሰድኩና ከግቢ ሳልወጣ መኪናዋን አስነስቼ ወደፊትና ወደ ኋላ ነዳኋት። የኔ መኪና ትንሽ ቪትስ ናት። ፍሬኗ የጫማ ጫፍ ሲነካው ይይዛል። የአባዬን ፔጆ ፍሬን ስረግጥ ግን ድንጋይ የረገጥኩ መሰለኝ። መኪናዋ መቆሙን ትቆማለች፤ ግን ወገቤን ከወንበሩ ጋር አጣብቄ፣ በሙሉ ኃይሌ ገፍቼ ነው። በዚህ ፍሬን ነው አባዬ በየቀኑ ልጄን ትምህርት ቤት የሚያደርሰው።

ስለ መኪናዋ ትንሽ ልንገራችሁ። ፔጆ 504 ናት፣ የ1974 ሞዴል፣ ቀለሟ ክሬም። አባዬ በ1971 ዓ.ም. ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንሳዊ መምህር ነው የገዛት። እኔም ወንድሜም ከሆስፒታል ወደ ቤት የመጣነው በሷ ነው። 504 በ1969 እ.ኤ.አ. የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ መመረጧንና በ1975 የምሥራቅ አፍሪካውን ሳፋሪ ራሊ ማሸነፏን አባዬ ለእንግዳ ሁሉ ይናገራል፤ እንግዳው ስለ መኪና ባይጠይቅም። ለመሸጥ የተነሳበት ጊዜ አልነበረም። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከእንግዲህ አይገቡም ሲል ደግሞ «አያችሁ?» ብሎን ነበር፣ ነገሩን አስቀድሞ ያወቀ ይመስል።

ሜካኒካችን ከሃያ ዓመት በላይ የምናውቃቸው ሰው ናቸው። ኮፈኑን ከመክፈታቸው በፊት እኔን መሪው ጋ አስቀመጡኝ። «ሞተሩን ሳታስነሺ ፍሬኑን አምስት ጊዜ ርገጪ» አሉ። ረገጥኩ። «አሁን እግርሽን ሳታነሺ ያዢውና አስነሺ።» አስነሳሁ። ፔዳሉ ንቅንቅ አላለም። «ጤነኛ ቢሆን ሞተሩ ሲነሳ ከእግርሽ ሥር ትንሽ ዝቅ ይል ነበር» አሉ። ይህንን ሙከራ እናንተም በየትኛውም የቤንዚን መኪናችሁ፣ በራሳችሁ ግቢ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ፔዳሉ ዝቅ ካላለ ጥፋቱ ያለው ወይ ሰርቮው ላይ፣ ወይ ከሞተሩ ወደ ሰርቮው በሚሄደው ጎማ ላይ፣ ወይ ጎማው ጫፍ ላይ ባለችው አየር በአንድ አቅጣጫ ብቻ በምታሳልፍ ትንሽ ቫልቭ ላይ ነው። የኛ ጎማና ቫልቭ ደህና ነበሩ።

ሰርቮ፣ አንዳንዶች ቡስተር የሚሉት፣ ከፍሬን ፔዳሉ ፊት ለፊት ሞተሩ ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ጥቁር ክብ ቆርቆሮ ነው። ውስጡ በአንድ ሰፊ የጎማ ሽፋን ለሁለት ተከፍሏል። ሞተሩ ሲሠራ ከሁለቱም ወገን አየሩን ይመጥጣል። ፍሬን ስትረግጡ በፔዳሉ በኩል ላለው ክፍል ብቻ የውጭ አየር ይከፈትለታል፤ ያ አየር ባዶ ወደሆነው ክፍል ጎማውን ይገፋል፣ ጎማው ዘንጉን፣ ዘንጉ ደግሞ የፍሬን ዘይቱን። እግራችሁን የሚያግዘው ከላያችን ያለው የአየር ክብደት ነው ማለት ነው፤ የሞተሩ ሥራ ቦታውን ባዶ ማድረግ ብቻ ነው።

ይህን ሲነግሩኝ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በባሕር ጠረፍ አየሩ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲሜትር ላይ አንድ ኪሎ ግራም ያህል ይጫናል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች እዚህ ክብደቱ ወደ 770 ግራም ግድም ይወርዳል። ሽሮ ሜዳ ደግሞ ከዚያም ከፍ ይላል። ስለዚህ ምንም እንከን የሌለበት ሰርቮ እንኳ ጅቡቲ ላይ ከሚሰጠው እርዳታ ሩብ ያህሉን እዚህ አይሰጥም። ሜካኒኩ ሳቁና «ለዚህ ነዋ የኛ አገር ሾፌር ቀኝ እግሩ የሚወፍረው» አሉ። ይህችኛዋን አላመንኳቸውም።

አባዬ ታዲያ እንዴት ሳያውቅ ቀረ? ሰርቮ በአንድ ቀን አይሞትም። የውስጥ ጎማው ቀስ እያለ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ፔዳሉ በየወሩ ትንሽ ትንሽ ይከብዳል፣ እግርም በዚያው ልክ ግፊቱን ይጨምራል። አንድ ሰው ብቻ የሚነዳት መኪና ከሆነች «ከብዷል» የሚል ሁለተኛ እግር የለም። አባዬ «እሷ ድሮም እንዲህ ናት» ነበር መልሱ። ድሮ እንዲህ እንዳልነበረች የምታውቀው እማዬ ናት፤ እኛ ልጆች ሳለን እሷም ትነዳት ነበር። እጆቿን አጣጥፋ ቆማ «በነጠላ ጫማ ነበር የምይዛት» አለች።

ሌላም ምልክት ነበር። የፍሬን ዘይቱ እየጎደለ አባዬ በየሁለት ወሩ ይሞላዋል፤ ነገር ግን መሬት ላይ አንድ ጠብታ አይታይም። ሜካኒኩ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ሰርቮው ፊት ላይ የታሰረውን የፍሬን ማስተር ፈትተው ሲያወጡት ጀርባው በዘይት ርሷል። የማስተሩ የኋላ ጎማ አርጅቶ ዘይቱን ወደ ሰርቮው ሆድ ያስገባው ነበር። የፍሬን ዘይት ደግሞ ለዚያ ሥራ ያልተሠራን ጎማ ያበላሻል። ስለዚህ የፍሬን ዘይታችሁ እየጎደለ የሚፈስበትን ቦታ ካጣችሁት ሞልታችሁ አትለፉት።

ከዚያ ፍለጋው ሆነ። አባዬና እኔ ሁለት ቅዳሜ ሶማሌ ተራን አዳረስን። ያልተነገረን ነገር አልነበረም። አንዱ ነጋዴ ከሌላ አሮጌ ፔጆ የተፈታ አወጣልን፤ ከውጭ ሲታይ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ጎማ ግን ባይነዳበትም ያረጃል፤ የአርባ ዓመት ጎማ በሌላ የአርባ ዓመት ጎማ መተካት ምን ይጠቅመናል? ሌላው «የቶዮታ ገጥመን እንሰጣችኋለን፣ ማንም አያውቀውም» አለ። ይህ ነው ያስፈራኝ። የሰርቮው ስፋት ሲለወጥ የፍሬኑ ኃይል ይለወጣል፤ የዘንጉ ርዝመት ትንሽ ከተሳሳተ ደግሞ ፍሬኑ ተይዞ ይቀርና ይግላል፣ ወይም ፔዳሉ ግማሽ መንገድ በባዶ ይወርዳል። በመለዋወጫ እጥረት ብልሃተኛ መሆናችን ያኮራኛል፤ በፍሬን ላይ ግን ብልሃት አልፈልግም።

መፍትሔው የመጣው «ያቁም» ካለው ወንድሜ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ለአሮጌ መኪናዎች ዕቃ የሚሸጡ አሉ። መጀመሪያ አንገራገረ። «ሰርቮ ገዝቼ ልላክና እንዲነዳ ላበረታታው?» አለኝ። እኔም «የምትፈርደው በአባዬ ላይ ይሁን፤ በቆርቆሮው አትፍረድበት። መጀመሪያ መኪናዋን እናስተካክል» አልኩት። ከአንድ ወር በኋላ ለሠርግ የምትመጣ ጓደኛው ይዛው መጣች። ጉምሩክ ላይ ሻንጣዋ ተከፍቶ ከቸኮሌቱና ከሕፃን ልብሱ መካከል ያ ጥቁር ነገር ሲወጣ ምንነቱን ለማስረዳት ብዙ ደከመች። እማዬም ስታየው «ይህ ልጅ ድስት ነው የላከልኝ?» ብላ ነበር።

መግጠሙ አንድ ሙሉ እሑድ ፈጀ። አሮጌው የሚፈታው በሁለት በኩል ነው፤ ማስተሩ ከኮፈኑ ሥር፣ ሰርቮው ራሱ ደግሞ ከዳሽቦርዱ ሥር ተኝቶ በሚደረስ ዳዶ። ሜካኒኩ ስልሳ ዓመታቸው ቢሆንም መሪው ሥር በጀርባቸው ገብተው ከወገባቸው በታች ብቻ ውጭ ቀረ። አባዬ መብራት ያዘላቸው። ከውስጥ «ወደ ግራ፣ ጋሼ» የሚል ድምፅ ይወጣል፤ አባዬ ወደ ግራ ያበራል። እንዲህ ጸጥ ብሎ ሲታዘዝ አይቼው አላውቅም።

አዲሱ ገብቶ ማስተሩ ሊታሰር ሲል ሜካኒኩ ቆሙና ልጄን ጠሯት። «የኔ ልጅ፣ ያ የምትጫወቺበት ባለቀለም ጭቃ አለሽ?» አረንጓዴውን አመጣችላቸው። ከዘንጉ ጫፍ ላይ ትንሽ ለጥፈው አዲሱን ማስተር ገጠሙት፣ መልሰው ፈቱት፣ የተጨፈለቀውን ጭቃ ውፍረት በካሊፐር ለኩ። በዘንጉና በማስተሩ መካከል መኖር ያለበት ክፍተት የፀጉር ያህል ነው፤ ጭቃው ክፍተቱን ያሳያል። ሦስት ጊዜ አስተካክለው ሦስት ጊዜ ለኩ። ልጄ እስካሁን በሳይንስ ክፍለ ጊዜ የምታወራው ይህን ነው።

አየር ማስወጣቱ የሷና የሜካኒኩ ሥራ ሆነ። ከማስተሩ በጣም ከሚርቀው ከቀኝ የኋላ ጎማ ተጀመረ። «ርገጪ!» ትረግጣለች። «ያዢ!» ትይዛለች። እሳቸው ማስተንፈሻውን ከፍተው አረፋ ያለበትን ዘይት በጠርሙስ ይቀበላሉ፣ ይዘጋሉ። «ልቀቂ!» ሳይዘጋ ከተለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባል፤ አንዴም አልሳተችም። እግሯ ፔዳሉ ላይ እንዲደርስ ከጀርባዋ ሁለት ትራስ አድርገንላት ነበር።

ሞተሩ ተነሳ። በዚህ ጊዜ ፔዳሉ ከአባዬ እግር ሥር ዝቅ አለ። አባዬ ወደኛ ዞሮ አየን፣ ምንም ሳይናገር።

ነገሩ በዚያ አላለቀም። ለዓመታት ድንጋይ የገፋ እግር ቅቤ ሲያገኝ ምን እንደሚሆን በመጀመሪያው ኩርባ አየነው። አባዬ በለመደው ኃይል ረገጠ፤ ሁላችንም ወደ ፊት ተወረወርን፣ የእማዬ ቲማቲም መኪናው ውስጥ ተበተነ። ከኋላችን መኪና ቢኖር ኖሮ ሌላ ጣጣ ነበር። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት እሑድ ማለዳ፣ መንገዱ ጭር ሲል፣ ጎኑ ተቀምጬ ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ እየወጣን እየወረድን ተለማመደ። አንድ የቆየ ልማዱንም ያስተወው ሜካኒኩ ናቸው። ቤንዚን ለመቆጠብ ቁልቁለት ላይ ሞተር አጥፍቶ ፎሌ ይለቅ ነበር። ሞተር ሲጠፋ ሰርቮው ውስጥ የሚቀረው ለሁለት ወይም ለሦስት ርግጫ የሚበቃ ብቻ ነው። «ከዚያ በኋላ እግርዎ ብቻውን ነው፣ ጋሼ» አሉት። አባዬ ይህችን ተቀበለ።

ከእነዚያ እሑዶች በኋላ ነው ስለ አባዬ መንዳት በቅጡ የተነጋገርነው። አንድ እግር ይበቃዋል፣ መንገዱን ያያል፣ ርቀቱን ይጠብቃል። ጉልበቱ ግን እውነት ነው፤ ብዙ ሰዓት ሲቀመጥ ይደነዝዝበታል። የወሰንነው እሱ ራሱ ያቀረበውን ነው፦ ማታ አይነዳም፣ ከባድ ዝናብ ሲሆን አይነዳም፣ ከከተማ ስንወጣ መሪው የኔ ነው። ልጄን ጠዋት ማድረሱን ግን አልተወም፣ እኛም አልጠየቅነውም። እማዬ ከውሳኔው በፊት አንድ ጊዜ በነጠላ ጫማ ካልነዳሁ ብላ ግቢውን ዞረችበት።

አሮጌውን ሰርቮ አባዬ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆታል። የተሰነጠቀውን ጎማ ለእንግዳ ያሳያል፤ ከሳፋሪ ራሊው ቀጥሎ። ለወንድሜም ፎቶውን ልኮለት ነበር፣ ከሥሩም የዕቃ ዝርዝር፦ ወደ ፊት ጎማዎቹ የሚሄዱት የፍሬን ቱቦዎች፣ የኮፈን ሽቦ፣ የቀኝ በር ጎማ። ወንድሜ «ሻንጣ እኮ ሃያ ሦስት ኪሎ ብቻ ነው» ብሎ መለሰለት። አባዬ አሁን ዕቃዎቹን በኪሎ እየደመረ ነው።